ንጹሕ ምን ይሸታል?

ስምንት ዓመት ሙሉ አልቤርጎ ሳጸዳ፣
መታጠቢያ ስፈትግ እንግዳ በእንግዳ፣
በረኪና ነበር ሽቶዬም፣ ሎሌዬም፤
ቀሚሴ ተበላ፣ ቀጥሎ ጉሮሮዬም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ደረቴን ሰማና
«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ዝም አለና
ወረቀት ላይ ጻፈ፤ ጻፈና ሰረዘው፤
«ሳንባሽን ሽታው ነው ጠፍንጎ የያዘው።»

ሥራውን ለቅቄ ልብስ አጥባለሁ አሁን፣
የመምህሩን ካፖርት፣ የዘበኛ ጋቢውን።
ጠባሴም ካለችው ከአንዲቷ ክፍሌ
ጠርሙሱን አስወጣሁ እንደ ክፉ አመሌ።
ገቡ በምትኩ ሎሚ፣ ጨው፣ እንዶድ፣
ከጎረቤት ምድጃ የተለመነ አመድ።

እንዶዱን ያመጣል ካንኮበር ቁልቁለት
የወንድሜ ሚዜ፣ የአይሱዙ ረዳት፣
ሸዋንግዛው፣ በከረጢት፣ ሲመለስ ዓርብ ዕለት።
ስወቅጠው አስነጥሳለሁ፤ ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ፤
«ይማርሽ» ይለኛል በግድግዳው ጎረቤቴ።
አረፋው ሲነሣ የመንዝ በግ ይመስላል፤
አንሶላው፣ ትራሱ፣ ሁሉ ይጠመቃል።

አመድ እነፋለሁ፤ ደቃቁ ለማንኪያ፣
ድስቱን ግን በአሸዋ ነው፣ ከበሬሳ መሻገሪያ።
ሎሚው ከሸዋ ሮቢት፤ ሲወደድ ግማሹን
ጨው አስነክሼበት አሸዋለሁ ቧንቧውን።
ጦስኝ እበትናለሁ ከሣጥኑ መሐል፤
ብሉ ይሂድ አይሂድ፣ እርግጡን ማን ያውቃል?

እትዬ አልጣሽ ደግሞ፣ የማኅበር ጠላ
ኮመጠጠባቸው፤ ሊደፉት ነው ኋላ።
«ለእኔ ይስጡኝ» አልኩ። «ልትጠጪው ነው?» አሉኝ።
መስኮቴን አጠብኩበት፤ መጥተው አዩልኝ።
በአሮጌ ጋዜጣ አሽቼ ሳደርቅ
ሰማዩ ቤት ገባ ጫማ ሳያወልቅ።

የዋህ እንዳይመስላችሁ ከመሬት የወጣ፤
እንዶድ ዓሣ ይፈጃል፣ ለዓይንም ነው ጣጣ።
እጣቢውን ወንዝ አልደፋም፤ ከጓሮ ነው ጉድጓዱ፤
የበሬሳ ውኃ ለሌላም ነው መንገዱ።
ድሮ፣ አልቤርጎው ሳለሁ፣ ምናምን ሳላውቅ፣ ጎበዝ ነኝ እያልኩ፣
ሎሚውን ጨምቄ በበረኪናው ባልዲ ጨመርኩ፤
በሩን በርግጄ ደጅ ላይ ተደፋሁ፤
ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱን አላገናኘሁ።

ወይዘሮ ጽጌማርያም፣ አከራዬ፣ መጡ፤
ከደፉ ላይ ቆመው አየር አማረጡ።
«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «የገና በዓል ደርሶ
ቤትሽ አልታጠበ፤ አይሸትም ጨርሶ!»

ሳቅሁ ብል ውሸት ነው። ተናደድኩ፣ ተናደድኩ፣
ጉልበቴ እስኪላጥ ሲሚንቶ ስፈትግ የዋልኩ።

ከሄዱ በኋላ ግን ብቻዬን ተቀመጥኩ፤
ንጹሕ ምን ይሸታል? ራሴን ጠየቅኩ።
ውኃ ምን ይሸታል? የጧት ውርጭስ ምንድን?
የታጠበ እንጨት፣ ፀሐይ የነካው ክዳን?
እኛ ለምደን ኖሮ የሚወጋ ሽታ፣
ካልወጋን አይመስለን ቆሻሻው የተረታ።

አልዳንኩም ጨርሼ። ሌሊት ያስለኛል፤
የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቴን ያውቀዋል።
አልቤርጎውም ቀጠረ ሌላ ልጅ፣ ከጅሁር፤
ጓንት የላት፣ ጭምብል የላት፤ ስታልፍ በኔ መንደር
ጣቶቿን አየሁና አስገባኋት ቤቴ፤
አንድ ጣሳ ሰጠኋት ከእንዶድ ዱቄቴ፣
ግማሽ ሎሚ ጨመርኩ። «አደራ፣» አልኳት፣ «ሰምተሻል?
ከዚያኛው ጋር አታገናኚው፤ ያፍንሻል።
ደግሞም ስትሠሪ መስኮት ክፈቺ» አልኳት።
ሌላ ምን እላለሁ? ኪራይ አለባት።

የቀረው ግማሹ መስኮት ላይ አድሮ
ውርጭ ይዞት አገኘሁ፣ እንደ ብር ከርሮ።
በጥፍሬ ስነካው ቀዝቃዛ ሽታ ወጣ፤
ሳሉ እስኪመጣብኝ ጠበቅሁት። አልመጣ።